ቀስ ብሎ የተመታው ድራም

የሥራ ባልደረቦቿ እውነተኛ ስሟን ከረሱት ቆይተዋል፤ "ጆሮ" ነው የሚሏት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፅ ስትቀርጽ የኖረች ሴት ናት። አንድ ዘፈን ካሰሟት፣ ማይኩ ከድራሙ ስንት እርምጃ ርቆ እንደቆመ ትናገራለች። "ትመካለች" ብለው ቢያሟትም ደንታ የላትም።

የሙዚቃ ቤቱ ኃላፊ አሮጌ የቴፕ ክር በካርቶን ይዞ ስቱዲዮዋ ሲገባ፣ ከፊቱ ላይ የችግሩን ግማሽ አነበበችው። ክሩ አባቷ በጉብዝናቸው ዘመን ድራም የመቱበት ሸክላ ዋናው ቅጂ ነው። ድራመሮች እስካሁን ድረስ በተሰባሰቡ ቁጥር ያንን ሸክላ ሳያነሱ አይለያዩም። ድራሙ ጆሮ ላይ አይቀርም፣ ደረት ድረስ ይዘልቃል። አባቷ "መዶሻው" የተባሉትም በእሱ ሰበብ ነው።

"እንደገና ልናሳትመው ነው" አለ ኃላፊው። "ግን ሦስተኛው ዘፈን ላይ የክሩ ጠርዝ ተበልቶ፣ ድራሙ ለብቻው የተቀዳበት መስመር አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ያህል ጠፍቷል። ከሸክላው እንዳንወስደው ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ተጣብቋል። በኮምፒውተር ትሞይልናለሽ ብዬ ነው።"

"ባለቤቱ በሕይወት እያለ?"

"እህቴ፣ አባትሽ እኮ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ያንን ጉልበት ከየት ያመጡታል?"

"እሱን ለእኔ ተወው። ሐሙስ መጥተህ ስማ" አለችው።

አባቷ በማግስቱ ማለዳ ድራማቸውን በታክሲ አስጭነው ከተፍ አሉ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ ጫማቸው ያበራል። ግድግዳው በስፖንጅ በተሸፈነው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው መምታት ጀመሩ። መምታትስ መቱት! ክፍሉን ከመቅረጫ መሣሪያዎቹ የሚለየው መስተዋት ተንቀጠቀጠ። እሷ ግን ከመስተዋቱ ወዲህ ሆና ፊቷን አጨፈገገች። በማዳመጫዋ የሚመጣው ድምፅ ደረቅ ነው፤ ባዶ ጣሳ የሚቀጠቀጥ ይመስላል። ሁለተኛ ሞከሩ፣ ሦስተኛ ሞከሩ። በአራተኛው ትከሻቸውን ይዘው ቆሙ።

"ማይክሽ ነው ችግሩ" አሉ ላባቸውን እየጠረጉ።

"ማይኩ ደህና ነው አባባ። ትንሽ ይረፉ።"

አሮጌውን ክር መልሳ አስገባችና ደህና የተረፈውን ክፍል ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፤ እንዲህ አድርጋ ግን ሰምታው አታውቅም። ሁልጊዜ ምቱን ነበር የምትሰማው። አሁን በምቶቹ መሃል ያለውን ሰማች። ወንበሩ ሲጢጥ ይላል። ድራመሩ በአፍንጫው ይተነፍሳል። የእግር ድራሙ በተመታ ቁጥር የትንሹ ድራም ሽቦ ከሥር ይርገበገባል። ከእያንዳንዱ ምት ኋላ ደግሞ ክፍሉ ራሱ ድምፁን ተቀብሎ ይመልሰዋል። በኃይል ቢመታ ኖሮ ቀራጩ የማይኩን ኃይል ዝቅ ማድረግ ነበረበት፤ ዝቅ ካደረገው ደግሞ ትንፋሹም ሽቦውም ባልተሰማ።

ማዳመጫዋን አውልቃ ወደ አባቷ ሄደች።

"አባባ፣ ያን ቀን ቀስ ብለው ነው የመቱት አይደል?"

 አባቷ መምቻዎቹን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጫማቸውን አዩ።

"ማን ነገረሽ?"

"ክሩ።"

"ኤዲያ!" አሉና መሳቅ ጀመሩ። "የቀዳንበት ክፍል ፎቅ ላይ ነበር። ከሥራችን የጥርስ ሐኪም አለ። ሰውዬው መሰርሰሪያውን ሰው አፍ ውስጥ ከትቶ ሳለ እኔ ጣሪያውን ሳናውጠው አስቢው! ጉጠቱን እንደያዘ ደረጃውን ሮጦ ወጣ። 'አንድ ጊዜ ብትደግመው የአንተንም ጥርስ እነቅላለሁ' አለኝ። ምን ላድርግ? ሕፃን የተኛበት ቤት እንዳለ ሰው በጣቴ ጫፍ መታሁ። ቀራጩ ድምፁ አልደርስ ብሎት ተናደደ፤ ማይኩን ደረጃው ላይ አውጥቶ እስከ መጨረሻው ከፈተው። መልሰን ስንሰማው ሁላችንም አፋችንን ያዝን።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አሉ?"

"መዶሻው እያሉ ሲያንቆለጳጵሱኝ፣ 'የለም፣ ጥርስ ሐኪም ፈርቼ ነው' ልበል?"

እሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ ተነሥታ ድራሙን ቁራጭ በቁራጭ ወደ ሕንፃው ደረጃ ታወጣ ጀመር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ሩቅ፣ ግድግዳው ራቁት። አንዲት ማይክ ብቻ ሰባተኛው ደረጃ ላይ አቆመች። ላይ ቤት ያለችውን ልብስ ሰፊ ለሩብ ሰዓት የስፌት መኪናዋን እንድታቆም ለመነቻት፤ ልብስ ሰፊዋም እሺ ብላ ለመስማት ብቅ አለች።

"አሁን እንደዚያን ቀን አባባ። ትከሻዎን ይርሱት።"

አባቷ በረጅሙ ተንፍሰው ጀመሩ። እጃቸው ከጉልበታቸው ብዙም ከፍ አላለም። መምቻው ቆዳውን እየነካ ይመለሳል እንጂ አይደበድበውም። ከእጃቸው የወጣው ትንሽ ድምፅ ግን ደረጃውን ወጥቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ሲመለስ ማዳመጫዋ ውስጥ ተራራ አክሏል። ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። አንዴ ቀድመው ስለገቡ ደገሙት፤ ሁለተኛው ላይ እጇን አነሣች። በቃ።

ሐሙስ ኃላፊው መጣ። ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር አሰማችውና "አዲሱ የት ጋ ነው?" አለችው። ሰውዬው ሦስት ጊዜ አስደግሞ፣ በሙሉ እምነት መጨረሻው ላይ ያለውን ምት አሳየ።

"ይሄ! ይሄ የኮምፒውተር ነው፣ ያስታውቃል።"

"እሱን የመታሁት አንተ ሳትወለድ ነው" አሉ ጥግ ላይ የተቀመጡት አባቷ።

ሸክላው ሲታተም ልባሱ ላይ ታሪኩ ሳይሸፋፈን ተጻፈ፤ የፈቀዱት አባቷ ራሳቸው ናቸው። ወሬው እንደተሰማ ወጣት ድራመሮች ምስጢሩን ሊማሩ መጡ። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃው ላይ ያስቀምጧቸውና "ቀስ!" ይሏቸዋል። ጉልበታቸውን ሊያሳዩ የመጡት ሁለቱ በዚያው ቀሩ። ሌሎቹ አምስት ግን እስካሁን አሉ፤ አንደኛዋማ ስትመታ ልብስ ሰፊዋ ሳትጠየቅ መኪናዋን ታቆማለች።