አባቷን ይዛ ትማር የነበረች

ሃኒ ከተማ ስልጠናውን የጀመረችው ኮምፒውተር ወዳ አልነበረም። ከጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ከተመረቀች ሁለት ዓመት አልፏት፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር መቆም አንገሽግሿት ነበር። አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ፣ ሶፍትዌር መሥራት በስድስት ወር እናስተምራለን የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየች። ሌላው ቢቀር ጠዋት ለብሼ የምወጣበት ቦታ አገኛለሁ ብላ ተመዘገበች።

ቤት ውስጥ ያሉት እሷና አባቷ ብቻ ነበሩ። እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል። ታላቅ ወንድሟ ኃይለልዑል በ2010 ሐምሌ መጨረሻ፣ ከተማው የተረበሸ ጊዜ፣ ሱቁ ተቃጥሎበት ሐዋሳ ገብቶ እዚያው ቀረ። ያን ሰሞን ሃኒንና አባቷን ጓዳዋ ውስጥ ደብቃ ያቆየቻቸው ጎረቤታቸው ካፊያ ናት፤ የግመል ወተት ነጋዴ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ለማንም የማትመለስ ሴት። ሃኒ ከዚያ ወዲህ «ኤዶ» ነው የምትላት፤ በሶማሌኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ኃይለልዑል በየጊዜው እየደወለ ሐዋሳ ኑ ቢልም አቶ ከተማ አይሰሙትም። ጉልምስናቸውን በሙሉ አዲጋላ ባቡር ጣቢያ በቴሌግራፍ ሠራተኝነት አሳልፈው፣ ባቡሩ ሲዳከም ወደ ሚስታቸው አገር ጅግጅጋ የመጡ ሰው ናቸው። ከእንግዲህ ወዴትም አልነቀልም ይሉ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሃኒ መከራ ሆኑባት። አሰልጣኙ ዐያንሌ ናይሮቢ ተምሮ የመጣ ቀጭን ወጣት ነው፤ በሶማሌኛ ይጀምርና በእንግሊዝኛ ይቀጥላል፣ ከዚያ የሃኒን ፊት ያይና በአማርኛ ይጨርሳል። በሦስቱም አልገባትም። ኮድ ማለት ለኮምፒውተሩ የሚጻፍ ትእዛዝ መሆኑን ይዛለች፤ የእሷን ትእዛዝ ግን ኮምፒውተሩ አንዴም እሺ ብሏት አያውቅም። የሌሎቹ ይሠራል፣ የእሷ ስክሪን በቀይ ጽሑፍ ይሞላል። ሽንት ቤት ገብታ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ የተመለሰችበት ቀን አለ። ያን ቀን አጠገቧ የምትቀመጠው ኢቅራ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻት። ኢቅራ አማርኛን የተማረችው በገበያና በትምህርት ቤት ስለሆነ አንተና አንቺ ይምታታባታል።

«አባዮ፣ ቀዩን አትፍራ» አለቻት፤ አባዮ እህቴ ማለት ነው። «እሱ ስድብ አይደለም። የት ቦታ እንደተሳሳትክ እየነገረህ ነው።»

ሃኒ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ሁለቱ ቀዩን ጽሑፍ ቃል በቃል አነበቡት። አንዲት የጥቅስ ምልክት ጎድላ ኖሯል፤ ሃኒ ሳምንቱን ሙሉ የተሰቃየችው በእሷ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተለያዩም፤ ሃኒም ቀስ በቀስ እየገባት መጣ። የጻፈችው ነገር ሲሠራ ደረቷ ውስጥ የሚሰማት ሙቀት ለራሷም ይገርማት ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ ዩኒቨርሲቲ ሳለች አንድም ቀን ተሰምቷት አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ የስልጠና ማዕከሉን ላፕቶፕ ተውሳ ቤት ይዛ ገባችና አባቷ ጭን ላይ አስቀመጠችላቸው። ቁልፉን ሲነኩት «እንደምን ዋሉ አቶ ከተማ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። አቶ ከተማ መነጽራቸውን አድርገው ረጋ ብለው አነበቡት።

«ማነው የላከው?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«ከየትኛው ጣቢያ?»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሳቸው ግን መልሷን እየጠበቁ ነበር፤ እንደ ሥራ ሰው፣ ኮስተር ብለው። ሃኒ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ጠዋት ተነስተው የድሮ ካፖርታቸውን ይለብሱና ተረኛ ነኝ ብለው ይወጣሉ። አንድ ቀን የባጃጅ ሹፌር መናኸሪያ አግኝቷቸው መለሳቸው፤ የአዲጋላ ባቡር ስንት ሰዓት ነው እያሉ መንገደኛውን ሲጠይቁ ነበር። ሌላ ቀን በካራማራ ተራራ በኩል ብቻቸውን ሲጓዙ ተገኙ። ካፊያ ገበያዋን እየተወች ትጠብቃቸው ጀመር፤ ግን ወተቱ ይበላሽባታል፣ ደንበኛም ይሄድባታል፤ እስከ መቼ? ኃይለልዑል በስልክ ሥራ በዝቶብኛል አለ፤ ገንዘብ እልካለሁ አለ። ሃኒ ወደ ዐያንሌ ሄዳ ስልጠናውን ማቋረጧን ነገረችው።

ዐያንሌ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ። «ለምን ይዘሻቸው አትመጪም?» አላት። «ከኋላ ባዶ ወንበር አለ።»

እንዲህ ሆኖ አቶ ከተማ ተማሪ ሆኑ። በየጠዋቱ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ፎቁን ይወጣሉ፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከኋላ ይቀመጣሉ። ያሰጋው ነገር ሁሉ ቀረ። ሰላሳ ሰው ቁልፍ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ስሜታቸውን አረጋጋላቸው፤ ሥራ ቦታቸው የገቡ መሰላቸው። አንዳንዴ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መምታት ይጀምራል። መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ጸጥ ሲል ቀና ይሉና «መስመሩ ተቋርጧል፣ ታገሡ» ይላሉ፤ ተማሪው ሁሉ በፍቅር ይስቃል። ኢቅራ «አቦ» ትላቸው ጀመር፣ አባት ማለቷ ነው፤ ከቤቷ ሳምቡሳ እያመጣች እጃቸው ላይ ታስቀምጥላቸዋለች። ሃኒ በእነዚያ ወራት የተማረችውን ያህል በሕይወቷ ተምራ አታውቅም። አንዱን ከባድ ነገር ፈትታ ዞር ስትል አባቷ እዚያ አሉ፤ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው፣ ወይም መስኮቱን እያዩ።

ስልጠናው ሊያልቅ ሲል የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ ሃኒን ቢሮው ጠራት። ማዕከሉን የሚረዱ ድርጅቶች ሰዎች ለመጨረሻው ቀን ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ፣ ተማሪዎቹም የሠሩትን እንደሚያሳዩ ነገራት፤ ከዚያ ወረቀት እያገላበጠ፣ ሽማግሌው ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዓይን ዓይኗን ግን አላያትም። ዐያንሌ ሊከራከርላት ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ። ሃኒም አልተከራከረችም። ጥቂት ቀን ነው፣ ኤዶ ትይዛቸዋለች ብላ አሰበች፤ ካፊያም ያለማንገራገር እሺ አለቻት።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ሃኒ ቀሚሷን እየተኮሰች ሳለ ካፊያ መጣች። ሻሿን እንኳ በወጉ አላሰረችም። ሸደር ከተማ ያለች እህቷ ሌሊት ማረፏን ደውለው ነግረዋታል፤ ቀብሩ ከቀትር በፊት ስለሆነ መኪና በር ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነው።

«ምን ላድርግ ልጄ?» አለች።

«ሂጂ ኤዶ። እኔ መላ እፈልጋለሁ።»

መላ ግን አልነበረም። ኢቅራም ከእሷ ጋር ናት የምታቀርበው፤ የሠሩት አንድ ላይ ነው። የሌላ ጎረቤት በር ክፍት አላገኘችም። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሃኒ ሻይ በፔርሙስ ሞላች፤ ዳቦ ቆረሰች፤ ሬዲዮ ከፍታ አባቷን ግቢው ውስጥ ጥላ ስር አስቀመጠቻቸው።

«ተረኛ ነኝ እኮ» አሏት።

«ዛሬ እረፍትዎ ነው አባዬ። ምሳ ሳይደርስ እመለሳለሁ።»

ወጣችና የግቢውን በር ከውጭ ቆለፈችው። ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች።

ያቀረቡት ሥራ ሰዎች በስልካቸው የግመል ወተት ማዘዝ የሚችሉበት ነበር፤ ሐሳቡን ያገኙት ካፊያ በየቀኑ ወተት ሲተርፍባት እያዩ ነው። ኢቅራ በሶማሌኛና በእንግሊዝኛ ተናገረች፣ ሃኒ አሠራሩን አሳየች። አንዱ እንግዳ ከባድ ጥያቄ ጠየቃት፤ እሷም ፈጥና መለሰችለትና ክፍሉ አጨበጨበ። ከአዲስ አበባ የመጣ የአንድ ኩባንያ ሰው ሁለቱንም ለሥራ እንደሚፈልጋቸው ነገራቸው። ሃኒ ያኔ መሄድ ትችል ነበር። ፎቶ እንነሣ ተባለ፣ ተነሣች። ምሳ ተጋብዛችኋል ተባለ፣ ሥጋ በሩዝ ቀረበ፣ በላች፣ ሳቀች። አባቷ ትዝ ሲሏት፣ ይኸው አሁን እሄዳለሁ እያለች ቆየች። እንደዚያ በሰው መሀል ደስ ብሏት ከተቀመጠች ዘመን ሆኗት ነበርና።

በሩን ስትከፍት ሬዲዮው ያወራል፤ ወንበሩ ባዶ ነው። አቶ ከተማ ከግንቡ ስር፣ በተገለበጠው በርሜል አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ ወድቀዋል። ካፖርታቸውን ለብሰዋል። በርሜሉ ላይ ወጥተው ግንቡን ሊሻገሩ ሲሉ ነው የወደቁት። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አፋቸውን ውሃ አስነካቻቸውና አባዬ እያለች ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አደረገችው።

«አርፍጄ ነው» አሉ በሰለለ ድምፅ። «ለኃላፊው ንገሪልኝ። በሩ ተቆልፎብኝ ነው።»

የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ እንዲህ ላረጀና ለደከመ ሰው ቀዶ ሕክምና እንደማይደፍር ነገራት። ተኝተው ሰነበቱ፤ ከዚያ ሳንባቸው ታመመ። ሃኒ ከአልጋቸው አልተለየችም። ኢቅራ ትምህርት ቤት እንደምትሄድ ሁሉ በየጠዋቱ እየመጣች ከእግራቸው በኩል ትቀመጥ ነበር። ከኩባንያው ሰው ስልክ ሲደወል ሃኒ አላነሣችውም። በመጨረሻ ለኢቅራ ለሥራው ብቻሽን ሂጂ አለቻት፤ ኢቅራ እምቢ ብላ፣ አልቅሳ፣ ሄደች። አቶ ከተማም አንድ ማለዳ፣ ሃኒ ትራሳቸውን ስታስተካክል፣ ትንፋሻቸው ቆመ።

ኃይለልዑል ለቀብሩ መጣ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ካፊያ ከበሩ ውጭ ከሶማሌ ጎረቤቶች ጋር ቆማ ታለቅስ ነበር። ድንኳኑ ስር ሰው ሲቀል ወንድሟ አባታቸው እንዴት እንደወደቁ ጠየቃት። ሃኒ አንድም ሳትደብቅ ነገረችው፤ በሩን መቆለፏንም፣ ምሳ ላይ መቆየቷንም።

«ቆልፈሽባቸው?» አለ።

«አዎ።»

«እንደ በግ?»

ካፊያ የፔርሙሱን ሻይ ይዛ እየመጣች ሰማችው። ቆመች። «አንተ የት ነበርክ?» አለችው፤ ድምፅዋን ሳትጨምር። «እኔም እህቴን ልቀብር ሄጃለሁ። እሷ ብቻዋን ነበረች። አንተ የት ነበርክ?»

ኃይለልዑል ማታ እህቱን ይቅርታ ጠየቃት፤ ቤቱን ሸጠው አብራው ሐዋሳ እንድትሄድ ለመናት። ሃኒ ይቅርታውን ተቀበለች፣ መሄዱን ግን አልፈለገችም። ይቅርታውም ቢሆን ምንም አላቀለለላት። እንደ በግ ያለው እውነት መስሎ ታያት ነበር፤ ማንም ቢከራከርላት ከውስጧ አልወጣም።

ለወራት ላፕቶፕ አልነካችም። ካፊያ አብራት ትተኛለች፣ በግድ ታበላታለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዐያንሌ የምስክር ወረቀትሽ እኔ ጋ ነው ብሎ ደወለላት፤ እሷም ከመቅረት መሄድ ቀሏት ሄደች። አዲስ ተማሪዎች ገብተዋል፤ የቁልፎቹ ድምፅ ደረጃው ላይ ሳለች ተሰማት፤ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ዐያንሌ ወረቀቱን ሰጣት።

«ትንሽ ልቀመጥ?» አለችው።

ከኋላ ያለውን ኮምፒውተር አሳያት። ከኢቅራ ጋር የሠሩትን ፈልጋ ከፈተችው። ብዙ ነገሩ አይሠራም፤ ስክሪኑ በቀይ ተሞላ። ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። አንዱን አስተካከለች፣ ሌላ ብቅ አለ፤ እሱንም አስተካከለች። ተማሪዎቹ ለምሳ ወጡ፣ ተመለሱ፣ ከሰዓቱ ሲያልቅም ተሰናብተው ሄዱ። ድሮ በዚህ ሰዓት የአባቷን ክንድ ይዛ ደረጃውን ትወርድ ነበር። አሁን የምትቸኩልለት ሰው የለም፤ ጊዜዋ ሁሉ የራሷ ነው፤ ምን እንደምታደርግበት አላወቀችም። እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ ሳትጠርገው፣ ዘበኛው ልዘጋ ነው ልጄ እስኪላት ድረስ መሥራቷን ቀጠለች።