ምራት ከአማቷ ራስ በላይ

በደቡብ አፍሪካዋ ኢስት ለንደን ከተማ ለጥቁሮች በተከለለው ሰፈራችን፣ የነጮችን ልጆች ሲያሳድጉ የሚውሉ እናቶች የራሳቸውን የሚያውሉበት ቤት አልነበራቸውም። የሴቶች መረዳጃ ማኅበራችን የሕፃናት መዋያ ግድግዳ አቁሟል፤ የቀረው ግማሽ ጣራ ነበር። የነጮቹ ማዘጋጃ ቤት ቃል ቁርጥ ነው፦ ተቆጣጣሪው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ቤቱ ካልተከደነ፣ ቦታው ለጠላ አዳራሽ ይሰጣል።

ወንዶቹ ወደብ ላይ ናቸው። ቆርቆሮ መምታት የምታውቀው ሊቀመንበራችን ማራዴቤ ብቻ ስለሆነች፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ ሚስማር በከንፈሯ ይዛ ጣራው ላይ ወጣች። እኛ ከታች እየዘፈንን እናቀብላለን።

«ማራዴቤ፣ ባልሽ እንዲህ ሆነሽ ቢያይሽ ሌላ ሚስት ያመጣ ነበር!» አለች ኖሊታ።

«መዶሻ ይዛ ትምጣ እንጂ ደስ ይለኛል!»

ሳቃችን ሳያባራ የማራዴቤ አማት፣ የባሏ አባት አባባ ምላምቦ፣ በትራቸውን ተመርኩዘው ብቅ አሉ። መዶሻው ቀጥ አለ። በእኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም እንኳ አትጠራም፤ ከራሳቸው በላይ መቆምማ ከነውር ሁሉ የከፋ ነው። ማራዴቤ ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ ከማገሩ ጋር ተጣበቀች። ከኮረብታው ሥር ደግሞ የተቆጣጣሪው መኪና አቧራ ታየ።

«አባባ፣ እባክዎ ዞር ይበሉላት፤ መሥራት አቃታት!» አለች ኖሊታ።

«ብዞርስ ራሴ ያው ከሥሯ አይደል?» ጫማቸውን አወለቁና በትራቸውን ለእኔ ሰጥተው መሰላሉን ያዙ።

«ኧረ ይወድቃሉ!»

«ብወድቅ ምን ቸገራችሁ? መረዳጃ ማኅበር አይደላችሁ፣ ቅበሩኛ!»

በተከደነው በኩል ወጥተው ጣራው አናት ላይ እንደ ፈረሰኛ ተፈናጠጡ። ጀርባቸውን ለምራታቸው ሰጥተው ወደ ባሕሩ ዞሩ።

«ንገሯት፣ አሁን ከእኔ በታች ናት። ምን ትጠብቃለች?»

ያን ጊዜ የመዶሻው ድምፅ ዘፈናችንን ቀደመው። ቆርቆሮው ከእጃችን ይነጠቃል፤ ሚስማር ይዘንባል፤ መኪናው ይቀርባል። ተቆጣጣሪው በሩን ከፍቶ ሲወርድ ማራዴቤ የመጨረሻውን ሚስማር መታች።

ሰውየው ቀና አለ። «ያ ሽማግሌ እዚያ ምን ይሠራል?»

«የጣራውን ጥንካሬ እየፈተኑልን ነው፣ ጌታዬ፤» አለች ኖሊታ።

ተቆጣጣሪው ቤቱን ከውጭም ከውስጥም ዞሮ አየ። «ተከድኗል፤» አለ በመጨረሻ፣ ቃሉ እየጎረበጠው።

እልልታችን ወደቡ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። በእልልታው መካከል ከላይ ሌላ ድምፅ መጣ፦

«እናንተ ሴቶች! ምራቴን ቶሎ አውርዷት! እሷ ሳትወርድ እኔ አልወርድ፣ እርቦኛል!»