ፒጃማውን ማጥበብ

የአባቴን ፒጃማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠበብኩት እትዬ አዘውኝ ነው። እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እሱ እትዬ ስለሚላቸው እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ያን ቀን አባዬ ከመታጠቢያ ቤት ሲመለስ በአንድ እጁ ግድግዳውን፣ በሌላው የሚወርደውን ሱሪውን ይዞ ነበር። እትዬ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«እኛ አፋችንን ብንዘጋ ይሄ ሱሪ ይነግረዋል» አሉ። «አጥብበው።»

ሐኪሞቹ ቁርጡን ከነገሩን ሳምንት ሆኖን ነበር። ካንሰሩ ከጨጓራው ተነስቶ ጉበቱ ገብቷል፤ ከእንግዲህ የሚቀረው ስቃዩን ማቅለል ነው። ለአባዬ የነገርነው ግን ጨጓራህ ቆስሏል፣ ቀስ ብሎ ይድናል ብለን ነው። እትዬ ትንፍሽ እንዳልል በእናቴ አጥንት አስምለውኛል። «እሱን የሚገድለው በሽታው አይደለም፤ ወሬው ነው» ይላሉ።

አጠበብኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሙያውን ያስተማረኝም ያው በሽተኛው ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ሱቁ ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ እሱ ከተኛ ወዲህ ከማስታመሙ በተረፈኝ ሰዓት ብቻዬን እከፍታለሁ፣ ብቻዬን እዘጋለሁ። ፒጃማዎቹ ሁለት ናቸው፤ ወገባቸው በላስቲክ ሳይሆን በቁልፍ የሚያዝ፣ ራሱ የሰፋቸው። አንዱን ሲለብስ ሌላውን ላጥብ እወስድና በየሳምንቱ ግራና ቀኙን አንዳንድ ጣት አስገባዋለሁ። እትዬ በጠያቂ ሰዓት መጥተው ወገቡን ቆንጠጥ ያደርጉና፣ «ይኸው ልክህ ነው። ሞላ ብለሃል እኮ» ይሉታል። አባዬ ጣራውን ያያል።

ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው። መስኮቱ ቀለም ሲቀቡት ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ አይከፈትም። የኔ ወንበር በአልጋውና በግድግዳው መካከል ነው፤ ስቀመጥ ጉልበቴ ብረቱን ይነካል፣ ለመውጣት ወንበሩን አንስቼ ከራሴ በላይ ማሳለፍ አለብኝ። ከታች የአውቶቡስ ፌርማታ ይታያል። ቀዩ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር በሐሳቤ እሳፈራለሁ። እስከ መጨረሻው እሄድና «አባትህ እንዴት ዋለ?» የሚለኝ ሰው በሌለበት ሰፈር እወርዳለሁ፤ አንዲት ክፍል እከራያለሁ፤ መስኮቷ የሚከፈት። ከዚያ አባዬ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔም እያፈርኩ ከአውቶቡሱ እወርዳለሁ።

አጣብቂኝ ውስጥ የከተተን ሽሮፑ ነው። የስቃይ ማስታገሻ ህክምናውን የምትከታተለው ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ በየቀኑ ጠርሙሱንና መለኪያውን ይዛ ትመጣለች።

«ሞርፊን ነው አባባ። ህመሙን ያበርድልዎታል።»

«የኔ ልጅ፣ እሱ ለከባድ በሽተኛ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔን ያመመኝ ጨጓራ ነው። አልወስድም።»

ይህን ብሎ እኔን ያየኛል። እሷም ታየኛለች። እኔ መስኮቱን አያለሁ። በሚቀጥለው አልጋ እግሩ የተሰበረ የከባድ መኪና ሹፌር ተኝቷል፤ እሱ ጣልቃ ይገባል።

«ሲስተር፣ እሱ ካልፈለገ ወደዚህ በይው። ለኔ በጀሪካን ነው።»

ህመሙ ሲነሳበት አባዬ ፎጣ ይነክሳል። ድምፅ አያወጣም። የፎጣውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ዘምዝሜዋለሁ፤ እንደገና ተበላ።

አንድ ቀን ሲስተርን ተከትዬ ወጣሁ። «የጨጓራ መድኃኒት ነው ብለሽ ስጪው» አልኳት።

«እኔ አልዋሽም» አለች። «የእናንተን ውሸት አላፈርስባችሁም። ከጠየቁኝ ግን እነግራቸዋለሁ።»

«ጠይቆሽ ያውቃል?»

«አንድም ቀን።» ጠርሙሱን ኪሷ ከተተች። «እንዲህ እየታመመ የማይጠይቅ ሰው ወይ ምንም አልገባውም፣ ወይ ሁሉም ገብቶታል።»

ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ብናገር መሐላዬን አፈርሳለሁ፤ ምናልባትም እትዬ እንዳሉት በወሬው እገድለዋለሁ። ዝም ብል ፎጣውን ሲነክስ እያየሁ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሲስተር ገላውን ልታብስ በጎኑ ስታገላብጠው ጠራችኝ። «ና እስቲ፣ ይሄ ምንድነው?»

የዳሌው አጥንት ላይ ጣት የሚያክል ቀይ ሰንበር ወጥቷል፤ ቆዳው ሊላጥ ትንሽ ነው የቀረው። የፒጃማውን ጎን በሁለት ጣቷ ያዘችው። ጨርቁ ተደራርቦ ገመድ አክሏል።

«እዚህ ላይ ነው የሚተኙት?» አለች።

የኔ ሥራ ነበር። በአራት ሳምንት ውስጥ እጥፍ በእጥፍ ላይ ስሰፋ ትርፉን ጨርቅ አልቆረጥኩም። በእኛ ሱቅ አይቆረጥም። ደንበኛ ከስቶ ሱሪ አጥብቡልኝ ሲል አባዬ፣ «ነገ ይወፍራል፤ ትርፉን ውስጡ ተውለት» ነው የሚለው። እኔም እንደለመድኩት ተውኩለት።

ሲስተር ቅባት ቀብታው ወደ ሌላ አልጋ ሄደች።

«ሜትር ይዘሃል?» አለኝ አባዬ።

«ቦርሳዬ ውስጥ አለ።»

«ወገቤን ለካኝ።»

ለካሁት። ሜትሩ ስልሳ ዘጠኝ ላይ ቆመ።

«ስንት ነው?»

«ሰማንያ ስድስት።»

«ለደንበኛም እንዲህ ነው እንዴ የምትለካው? ሱቄን ልታዘጋው ነው።» የሹፌሩ ማንኮራፋት ድንገት ቆመ። አባዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መጀመሪያ ያጠበብከው ቀን፣ ገና ሳጠልቀው ጣቴ ስፌትህን አገኘው። ስፌት ስትጀምር ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ትመላለሳለህ። በልጅነትህ እጅህን እየመታሁ እንኳ አልተውክም። ደግሞ ጨጓራውን ለታመመ ሰው ተደብቆ ሱሪ የሚያጠብብ ልጅ የት አለ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ፎጣውንስ ለምን ትነክሳለህ?»

«ለእትዬ። እሷ ቀጥ ብላ የቆመችው እኔ የማላውቅ መስሏት ነው። ጨጓራ ነው እያልኩ ሞርፊን ከጠጣሁ ማወቄን ታውቃለች፤ ያኔ ትወድቃለች።» ትንሽ ተነፈሰ። «ግን አቃተኝ ልጄ።»

አቃተኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ወንበሩን ከራሴ በላይ አሳልፌ ሲስተርን ልጠራ ወጣሁ።

መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አባዬ ጠየቃት።

«ምን ያህል ጊዜ አለኝ?»

«ሳምንታት ነው አባባ። ብዙ አይደሉም።»

ደንበኛ ልብሱን የሚወስድበትን ቀን ሲነግረው እንደሚያደርገው ራሱን ነቀነቀ። «እህቴ ሳታውቅ መውሰድ ይቻላል?»

ሲስተር አሰበች። «ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አልቀይርም። ግን የሚቀመጠው እኔ ጋ ነው። የሚሰጠው በየአራት ሰዓቱ ነው፤ ቀን ቀን በአራት፣ በስምንት፣ በአስራ ሁለት። ጠያቂ የሚገባው ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ነው።»

«ሰላሳ ዓመት ስነዳ እንዲህ ሰዓት ገጥሞልኝ አያውቅም» አለ ሹፌሩ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አንተ ተኝተህ አልነበር?» አለው አባዬ።

«ተኝቻለሁ። ምንም አልሰማሁም። ለእህትህም እንደዚያው ነው የምላቸው።»

አራት ሰዓት ላይ አባዬ የመጀመሪያውን መለኪያ ጠጣና ፊቱን ኮሶ አስመሰለው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፎጣውን የጨበጡት ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። እኔ ቁጭ ብዬ ጣቶቹን ነበር የማየው።

«ሱሪውን አውልቅልኝ» አለ። ብርድ ልብሱን አለበስኩትና ሱሪውን ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። «አሮጌውን ስፌት ሁሉ ተርትር። በልኬ፣ በአንድ መስመር ስፋው። ወደ ኋላ አትመላለስ። ከዚያ ትርፉን ቁረጥ።»

ተረተርኩ። በእጄ ሰፋሁ። መቀሱን ሳነሳ እጄ እምቢ አለ።

«አይቆረጥም ትል አልነበር?»

«ደንበኛው እኔ ነኝ።»

«ምናልባት…»

«ልጄ፣ ከእንግዲህ አልወፍርም። እዚያ ውስጥ የምትተውልኝ ነገር ጎኔን ነው የሚወጋኝ። ቁረጥ።»

ቆረጥኩ። የመጀመሪያውን ሳጣምም፣ «የክሩን መስመር ተከተል» ብሎ አረመኝ፤ ሁለተኛው ቀጥ አለልኝ። ከየጎኑ የወጡት ቁራጮች ጉልበቴ ላይ ወደቁ። ፒጃማው ከመታጠብ ብዛት ግራጫ ሆኗል፤ እጥፉ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ግን ገና እንደተሰፋ ሰማያዊ ነበር። የምጥልበት አጥቼ ኪሴ ከተትኳቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ገቡ። አባዬ በጎኑ ተኝቶ ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆረቁረው። እትዬ መሀረባቸውን እያስተካከሉ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ዛሬ ፊትህ ተፈትቷል።»

«ጨጓራው ተወት አድርጎኛል።»

እጃቸውን ወደ ወገቡ ሰደው ቆንጠጥ አደረጉ። ስፌቱ ለስላሳ ነው፤ ምንም አላገኙም። «ልክህ ነው» አሉ። «ሞላ ብለሃል።»

«ሞላ ብያለሁ እትዬ» አለ አባዬ።

ሹፌሩ ወደ ግድግዳው ዞረ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ልሸኛቸው ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ያንኑ ክንዴን፣ ያንኑ ቦታ ያዙኝ።

«አላወቀም አይደል?»

«አላወቀም።»

«በእናትህ አጥንት በለኝ።»

ሌላው እጄ ኪሴ ውስጥ ቁራጮቹን ጨብጧል። «በእናቴ አጥንት» አልኩ። ክንዴን ለቀቁኝና በረዥሙ ተነፈሱ፤ ደረጃውን በእርጋታ፣ እንደ ደህና ሰው ወረዱ።

ተመልሼ ወንበሬን ከራሴ በላይ አሳልፌ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ብረቱን ነካ። ከታች ቀዩ አውቶቡስ ቆሞ እትዬን አሳፈረና ሄደ።

«ሄደች?» አለ አባዬ።

«ሄዱ።»

ፎጣውን ከትራሱ ሥር ስቦ አወጣና በእጁ ያዘው። «አስራ ሁለት ሰዓት ስንት ቀረው?»

«ሃምሳ ደቂቃ።»

«እሺ» አለ። «ያን ሁለተኛውን ፒጃማም ከቦርሳህ አውጣው፤ እስከዚያ የሱንም ትርፍ ቁረጥ።»