የግራው ወንበር

ባልና ሚስቱ ሁለቱም ረዳት አብራሪዎች ነበሩ። ሲጋቡ ጓደኞቻቸው ባልየውን ከበው፣ «አይዞህ፣ ካፒቴኗን አግብተሃል!» ብለው ቀለዱበት። እሱም አብሮ ሳቀ። ቀልዱ ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ።

የሚያበሩት ዘመናዊ አውሮፕላን ነው። አብራሪው የሚይዛት ትንሽ ዘንግ እንደ ድሮው ክንፉንና ጭራውን በገመድ አትጎትትም፤ ትእዛዙን ለኮምፒውተር ትነግራለች፣ የቀረውን ኮምፒውተሩ ይሠራል። ሁለቱም አብራሪዎች የየራሳቸው ዘንግ አላቸው። አንዱ የሱን ሲነካ የሌላው እጅ ላይ ምንም አይሰማም። ሁለቱም ከነኩ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ትእዛዝ ይደምራል፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ካሉ ይጣፋሉ።

አንድ የካፒቴን ቦታ ተከፈተና ሁለቱም ተፈተኑ። ባልየው ቀድሞ ተፈትኖ እንደ ነገሩ አለፈ። በማግስቱ ተራው የሷ ሆነ። ፈተናው ከመሬት በማይነሳው የበረራ ማስመሰያ ውስጥ ነው። እሷ ግራ የካፒቴኑ ወንበር ላይ፣ ባሏ በረዳትነት ቀኝ፣ ፈታኙ ከኋላ ተቀመጡ። ፈታኙ ነፋስ አስነሳባት፣ አንዱን ሞተር አጠፋባት፤ ሁሉንም ተወጣችው። ማኮብኮቢያው ሲቃረብ ግን የአውሮፕላኑ አፍንጫ አልነሳ አላት። ዘንጓን ሳበች፤ እምቢ አለ። ጨምራ ሳበች። የመሬት ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ከሱ ጩኸት ሌላ የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። ከመሬት ጋር ተላተሙ።

ፈታኙ ለብቻዋ ጠርቶ ስክሪኑን አሳያት።

«ይቺ መስመር ያንቺ እጅ ናት። ይቺኛዋ የሱ።»

የሷ መስመር ወደ ላይ በወጣች ቁጥር የሱ ወደ ታች ትወርዳለች።

«ታዲያ ካፒቴን፣ ፈተናው ይሰረዝልኛል አይደል?»

«ለምን ተብሎ? ሁለታችሁም ዘንግ መንካታችሁን የሚያሳይ መብራት ፊትሽ ላይ በርቶ ነበር፣ አላየሽም። ዘንግሽ ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ ብትጫኚ የሱ ዘንግ አይሠራም ነበር፣ አልተጫንሽም። ካፒቴን የሚሆን ሰው ጎኑ ማን እንዳለ ያያል።»

«ባሌ ነው እኮ!»

«እሱ አያገባኝም።»

«እሱስ ምንም አይባልም?»

«የሱ ፈተና ትናንት አልቋል። አልፏል።»

ቤት ስትደርስ ባሏ ስልክ ላይ «እንኳን ደስ ያለህ» እየተቀበለ ነበር። አብራቸው የምትኖረው እናቷ ሸሚዙን ትተኩሳለች።

«እጅህ ምን ይሠራ ነበር?» አለችው ሚስቱ።

«ልረዳሽ ብዬ ነው።»

«ወደ ታች?»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ለአንድ ቤት አንድ ካፒቴን ይበቃል» አላት፤ ፊቱ ላይ እፍረት የሚባል ነገር የለም።

ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ያለውን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። እሱ ሆነ አንቺ ሆንሽ፣ ያው አይደል? ምን ያንጨረጭርሻል? በይ ዘወር በይልኝ፣ ኮሌታውን ልጨርስ።»

የዚያኑ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። እናቷ ትከተለኛለች ብላ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየች። እናትየው ግን የአዲሱ ቤት ደረጃ ጉልበቴን ይጎዳኛል፣ አማቼ በመኪና ያመላልሰኛል ብላ ቀረች። ልጅቷም ለእናቷ ያሰበችውን ክፍል ዘጋችው።

በዓመቱ ድጋሚ ተፈትና አለፈች። ከሕንፃው ሳትወጣ ለእናቷ ደወለች። ስልኩን ያነሳው እሱ ነው።

«እማዬን አቅርብልኝ።»

ከኋላው የእናቷ ድምፅ ተሰማ፤ «ማነው ልጄ?»

«ተሳስተው ነው» አለና ዘጋው።