ጧሪ ያላት እናት

ተቅዋ የጅቡቲ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ በማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል ትሠራለች። ቤተሰቦቿ ከድሬዳዋ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሷ ግን ያደገችው እዚሁ፣ ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ነው። ባለፈው ዓመት ኸምሲን የሚሉት ትኩስ የበረሃ ነፋስ በሚነፍስበት ሰሞን፣ መብራት በጠፋበት ቀን፣ ካርቲየ 3 ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሙቀቱ ቤታቸው ውስጥ ገደላቸው። ጎረቤት ያወቀው ዘግይቶ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ በነገሩ ደነገጠና ለአረጋውያን የቀን መዋያ ሊከፍት ወሰነ። እቅዱን የማውጣቱ ሥራ ለተቅዋ ተሰጣት።

ሥራውን ወደደችው። ቤት ለቤት እየዞረች አዛውንቶችን አነጋገረች፤ ግቢ ያለው አሮጌ ቤት ተገኘ፤ ነርስም ተቀጠረች። የቤቱ ክፍል ግን ጠባብ ስለሆነ ተቅዋ ራሷ አንድ ደንብ አረቀቀች፦ መዋያው የሚቀበለው ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን ብቻ ይሆናል። አለቃዋ ረምዚ ወዲያው ተስማማ።

«ልጅ ያለውንማ ልጁ ይጡረው» አለ።

የተቅዋ እናት ሐጃ ዓቢዳ ከባላቸው ጋር ካርቲየ 1 ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ተቅዋ ሱቁን አከራየችና እናቷን ሄሮን ሰፈር ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው። ባሕሩን የሚያይ ክፍልና አየር ማቀዝቀዣ ሰጠቻቸው፤ ኤሌኒ የምትባል የወሎ ልጅም ቀጥራ አብራቸው እንድትውል አደረገች። እናቷ ምንም እንዳልጎደለባቸው እርግጠኛ ነበረች።

እቅዱ ለሕዝብ በቀረበ ቀን የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ተቅዋ ደንቡን በሶማሊኛ እያስረዳች ሳለ በሩ ተከፈተና እናቷ የኤሌኒን ክንድ ይዘው ገቡ። አመማቸው ብላ ደነገጠች። እሳቸው ግን ወንበር ፈልገው ተቀመጡና ንግግሯን እስክትጨርስ ጠበቁ። ከዚያ እጃቸውን አወጡ።

«እኔም መመዝገብ እፈልጋለሁ።»

ሰው ሳቀ። ረምዚም ፈገግ አለ። «ሐጃ፣ ጧሪ ልጅዎ ይቺውና ቆማ!»

«ቆማለች፤ አያታለሁ። ጠዋት ስትወጣ አያታለሁ፣ ማታ ስትገባም አያታለሁ። መሃሉን ከማን ጋር ልዋል?»

«እማ፣ ኤሌኒ አለች እኮ» አለች ተቅዋ ፊቷ እየጋለ።

«ኤሌኒን አላህ ይባርካት። ግን ምን ታድርግ፣ የምለውን ሁሉ ‹እሺ እማማ› ትለኛለች። እኔ የናፈቀኝ ‹ውሸትሽን ነው፣ እንዲያ አልነበረም!› የሚለኝ ሰው ነው። ሄሮን ውስጥ ወጣትነቴን የሚያውቅ የለም።»

ከፊት ረድፍ ኻሊዳ ዞር አሉ። በአንድ ወቅት ከዓቢዳ ሱቅ ፊት ለፊት ሳምቡሳ ይሸጡ የነበሩ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ካርቲየ 3 ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው።

«ልጅ አለሽ፣ ሠራተኛ አለሽ፣ ማቀዝቀዣ አለሽ። አሁን ደግሞ የእኔን ወንበር ልትቀሚ መጣሽ?»

«ወንበርሽን አልፈልግም» አሉ ዓቢዳ። «አጠገብሽ መቀመጥ ነው የምፈልገው። ሻዬን በፔርሙዝ ይዤ እመጣለሁ።»

ኻሊዳ ፊታቸውን ወደ መድረኩ መለሱ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ተቅዋ ታክሲው ውስጥ መታገሥ አልቻለችም። «በአገር ፊት አዋረድሽኝ። የራሷን እናት ትታ የሰው እናት ልትጦር ተነሣች አይሉም?»

«አንቺ አልበደልሽኝም» አሉ እናቷ። «በድለሽኝ ቢሆንማ ቤት ውስጥ እነግርሽ ነበር። እቅዱ የሚወጣው እዚያ ነው፤ እዚያ መጣሁ።»

ተቅዋ ያን ሁሉ በር ስታንኳኳ «ቀኑን እንዴት ይውላሉ?» ብላ ያልጠየቀችው ሰው አልነበረም። ያልጠየቀቻቸው እናቷን ብቻ ነበር።

በነጋታው አርብ፣ የዕረፍት ቀን ስለነበር ስልኳን ክፍሏ ትታ አብራቸው ዋለች። እናቷ መርከቦቹን አዩ፣ ሰገዱ፣ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው፣ ነቁ፤ መርከቦቹ እዚያው ነበሩ። የሚያንኳኳ ሰው አልመጣም። የዐሱር ሶላት ሳይደርስ ተቅዋ ራሷ ከቤቱ ብን ብላ ልትጠፋ ደርሳ ነበር።

ደንቡን ልትለውጥ ስትነሣ ረምዚ ተቆጣ። «ለሁሉ ከከፈትነው ባለ ልጆቹ በዘመድ በኩል ይሞሉትና እነኻሊዳ ውጭ ይቀራሉ።» እውነቱን እንደሆነ ገባት። ስለዚህ ክፍሉና ምሳው ጧሪ ለሌላቸው እንዲቆይ፣ ከዐሱር በኋላ ግን ጥላው ሲመጣ ግቢው ቀኑን ብቻውን ለሚውል ሁሉ ክፍት እንዲሆን ሐሳብ አቀረበች። ረምዚ ብዙ ካጉረመረመ በኋላ «እስቲ እንሞክረው» አለ።

ድሬዳዋ ያለው ወንድሟ ኑረዲን ወሬው ደርሶት ደወለ። «እናታችንን መንግሥት ደጅ ጣልሻት አሉኝ!»

«እንግዲያው ናና አብረሃት ዋል» አለችው። ስልኩን ዘጋባት።

ኤሌኒም ወጥ ቤት ውስጥ ቀስ ብላ «ልታሰናብቺኝ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። ተቅዋ አስቀድማ አለመንገሯ ቆጫት። «ማን ያደርሳታል ታዲያ? ያለ አንቺ አትሄድም» አለቻት።

መዋያው ሲከፈት ሐጃ ዓቢዳ የመጀመሪያውን ቀን ሄደው አኩርፈው ተመለሱ። ሰው ሁሉ የየራሱ ወዳጅ አለው፣ ለእሳቸው ፈቀቅ ያለ የለም፣ ኻሊዳም ሻዩን ጠጥታ ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ ሁለተኛ አልሄድም አሉ። በማግስቱ ግን ተቅዋ ከሥራ ለምሳ ስትመለስ ድሪያ ቀሚሳቸውን ለውጠው፣ ሻሻቸውን አስረው፣ ሰዓቱ ገና ሳይደርስ ኤሌኒን ሲያጣድፉ አገኘቻቸው።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ማታ፣ መግሪብ ሲቃረብ፣ ተቅዋ እናቷን ልትወስድ መጥታ ታክሲ ውስጥ ጠበቀች። ከግቢው የሴቶች ጫጫታ ይሰማል። ኤሌኒ ብቅ አለች።

«ወሬው አላለቀም። አንቺ ቅደሚ፣ እኛ እንመጣለን ብለዋል» አለቻትና ሮጣ ተመልሳ ገባች።

ተቅዋ ቅር አላት፤ ትንሽም ቀናች። ከዚያ ለሾፌሩ «እንሂድ» አለችው።