ጎል የገባበት ይመስክር

ባለፈው ጥር ወር አጋማሽ በአንድ ቅዳሜ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለ አንድ ካፌ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተጻፉት የዓለም ታላላቅ ጎል አስቆጣሪዎች መካከል የሰባተኛው ስም ተሰረዘ። የተሰረዙት አቶ ሉልሰገድ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ስመ ጥር የአራዳ ቡድን አጥቂ የነበሩ፣ ዛሬ እሪ በከንቱ ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ወደ ካፌው አልመጡም።

የሰረዘው ማቲያስ የሚባል የባንክ ሠራተኛ ነው። ምክንያቱን አልደበቀም። ከእንግዲህ ደረጃው የሚወጣው ስልክ ላይ በሚገኝ ቁጥር ብቻ ነው አለ፤ ከሰሌዳው ሥር ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰበሰቡት ወጣቶችም ተስማሙ።

ከዚያ በፊት ጠረጴዛው የራሱ ሕግ ነበረው። ጎል የሚጸድቀው የገባበት ወገን ሲመሰክር ነው። የማንቸስተር አጥቂ ያገባውን አንድ የአርሴናል ደጋፊ ተነሥቶ «ገብቶብናል» ካላለ አይቆጠርም። በመጨረሻም የጠረጴዛው ታላቅ አቶ አጥናፉ ይበይናሉ። ለአቶ ሉልሰገድ ጎሎች የመሰከሩት የተፎካካሪው ቡድን ተከላካይ የነበሩት አቶ ጸጋይ ነበሩ፤ እሳቸውም ዐርፈዋል።

የአቶ ሉልሰገድ ልጅ አይናዲስ አራት ኪሎ ፊዚክስ ታስተምራለች። አባቷ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጫማቸውን አስረው እስከ በሩ ይሄዳሉ፤ ተመልሰውም ይፈቱታል። ሰዎቹን ላነጋግርልዎ ብላ ብትጠይቃቸው፣ ስም ተለምኖ አይጻፍም ብለው ከለከሏት። እርሷም ለመለመን እንደማትሄድ ነግራቸው ወጣች፤ ካፌው ስትደርስ በእርሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ማቲያስ በአክብሮት ተቀበላት፤ ማኪያቶም አዘዘላት። ከዚያ ስልኩን አነሣ።

«ዶክተር፣ ጎግልን ጠይቄው ነበር። አባትሽን አላውቃቸውም አለኝ።»

«አባቴም አያውቁትም» አለች። «እኩል ናቸው።»

ጠረጴዛው ሳቀ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም። የፔሌ ጎሎች ከሺህ ይበልጣሉ ሲባል የወዳጅነት ጨዋታ አብሮ ይቆጠራል ወይ ስትል ጠየቀች። ማቲያስ አይቆጠርም አለ፤ ከጎኑ የተቀመጠው ዕዝራ ይቆጠራል አለ። የድሮው አጥቂ የቢካን ጎልስ ስንት ነው ብትላቸው ሁለቱ ስልኮች ሁለት የተለያየ ቁጥር አወጡ። ዕዝራ የእርሱ ስልክ በውድ የተገዛ ስለሆነ ሊታመን እንደሚገባ ተከራከረ። አይናዲስ ስልኮቹ እስኪስማሙ ድረስ ሰሌዳው በሙሉ መጥፋት እንዳለበት፣ አባቷ ብቻቸውን ሊጠፉ ግን እንደማይችሉ ተናገረች።

ማቲያስ የማስታረቂያ ሐሳብ አመጣ። ከሰሌዳው ግርጌ «የሰፈራችን ጀግኖች» የሚል ዐምድ ይከፈት፤ አቶ ሉልሰገድም በዚያ አንደኛ ይሁኑ አለ። ብዙዎቹ ደገፉት። ሐሳቡ ደግነት ነበረበት፤ አይናዲስን ያስቆጣትም ደግነቱ ነው።

«ዓለም የሚጀምረው ከቦሌ አየር ማረፊያ ወዲያ ነው?» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ። «አንደኝነት አልጠየቅሁም። የነበሩበትን ቦታ ነው።»

«እሺ፣ በድሮው ሕግ እንሂድ» አለ ማቲያስ። «ጋሽ ጸጋይ የሉም። ገብቶብናል የሚል ሰው አምጪ።»

በበሩ በኩል፣ ጀርባቸውን ሰጥተው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የዚያው የተፎካካሪው ቡድን በረኛ የነበሩት አቶ ብርሃነ ናቸው። የሉልሰገድ ስም ካለበት ሰሌዳ ሥር አልቀመጥም ብለው ለብቻቸው መጠጣት ከጀመሩ ዘመናት አልፈዋል። ስሙ ከተሰረዘም በኋላ ቦታቸውን አልለወጡም። ይመስክሩ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

አይናዲስ ተነሥታ ፊታቸው ቆመች።

«ጋሽ ብርሃነ፣ የአባቴ ጎሎች ውሸት ከሆኑ ውሸት ናቸው ይበሉ። እኔው ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ ሁለተኛም አልመጣም።»

አቶ ብርሃነ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ወደ ጠረጴዛው ሲዞሩ የተመለከቱት ግን ማቲያስን ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ማን እንዳገባብኝ ስልክ ነው የሚነግረኝ? ጭቃው ላይ ተዘርግቼ መረቡ ሲወዛወዝ ያየሁት እኔ ነኝ። ያንን ሰው ማንም አልነበረም ካልከው፣ እኔን ማን ጣለኝ ልትል ነው? ገብቶብኛል። ስንት ነው ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ። እንዳልቆጥረው ስታገል ነው የኖርኩት።»

ማቲያስ ቁጥር የሌለው ሰው በቁጥር ከተደረደሩት መካከል እንዴት ሊገባ እንደሚችል ጠየቀ። አቶ አጥናፉ ቀስ ብለው ተነሡና ከባንኮኒው ላይ ጠመኔውን አነሡ።

«ሉልሰገድ ሰባተኛ ነው» አሉ። «የጎሎቹ ቁጥር ቦታ ባዶ ይቀመጥ።»