ሁለት ትርፍ ፊደል

ከጠብታ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ስንጻጻፍ አንድም ቀን ፊቷን አይቼ፣ ድምጿንም ሰምቼ አላውቅም። ጠብታ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ የእኔም ሞረድ አይደለም። መነጽር ቤት ውስጥ ሌንስ ስሞርድ ነው የምውለው፣ ገጹ ስም ምረጪ ሲለኝ ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁትን ዕቃ ጻፍኩ። እሷ ለምን ጠብታ እንደተባለች ጠይቄያት አላውቅም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ሲሉ እየሰማሁ አድጌ፣ ስሟን እያየሁ እንኳ አልነቃሁም።

የተዋወቅነው «አስራ ሰባት» በሚባል የኢንተርኔት የግጥም ገጽ ላይ ነው። እዚያ የሚጻፈው ግጥም ሦስት መስመር ብቻ ነው፦ አምስት ፊደል፣ ሰባት ፊደል፣ አምስት ፊደል። አንድ ቢጎድል ወይም ቢበዛ አይገባም። ድሮ በድምፅ ነበር አሉ የሚቆጠረው፤ ሳድስ ይቆጠራል አይቆጠርም እያለ ሰዉ መሰዳደብ ሲጀምር ግን የገጹ ሰብሳቢ ሰለቻቸው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። «ከዛሬ ጀምሮ የተጻፈ ፊደል ሁሉ አንድ ነው» ብለው ገላገሉን።

ሁለት ደንብ አለን። የመጀመሪያው፣ ማንም ግጥሙን በቀጥታ አይለጥፍም። እያንዳንዳችን አንድ ቆጣሪ አለን፣ ለእሱ እንልካለን። ቆጣሪው «ሞልቷል» ካለ ይወጣል፣ «ገና ነው» ካለ ይታረማል። ሁለተኛው፣ ረቂቅ አይቀመጥም። ቆጣሪው መልስ እንደሰጠ ላኪም ተቀባይም መልእክቱን ያጠፋሉ። አንዴ አንዱ ከጓደኛው ጋር ተኳርፎ የሰውዬውን ጥሬ ግጥም ሁሉ ለመሳቂያ አደባባይ ስላወጣው የመጣ ደንብ ነው። ግጥሙ ቢጠፋብንስ ብለን ስንጠይቅ ሰብሳቢው፣ አስራ ሰባት ፊደል በቃሉ መያዝ ያቃተው ሰው ገጣሚ ባይሆን ይሻለዋል አሉን። እኔ ደግሞ ደንብ ሲሉኝ ቀጥ የምል ሞኝ ነኝ። አንድም አላስቀረሁም፤ ሁሉንም አጠፋሁ።

የእኔ ቆጣሪ ጠብታ ነበረች።

አባቴ ሰላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበር። ድምፁ ከሞተሩ ይበልጣል ይሉት ነበር፤ ቤት ውስጥ እንኳ ጨው አቀብሉኝ ሲል ጎረቤት ይሰማል። አንድ ቀን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና ቀኝ ጎኑ ተያዘ፣ ምላሱም አብሮ ተያዘ። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። የቀረው የግራ እጁ ነበር፤ በሁለት ጣቱ የአንሶላውን ጫፍ ይዞ ቀኑን ሙሉ ቀደድ ቀደድ ያደርጋል። እናቴ ጨርቅ መጨረሱ ነው ብላ ትቀልዳለች፣ ከዚያ ኩሽና ገብታ ታለቅሳለች። እኔ ምን እየሠራ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። በማግስቱ በምሳ ሰዓት የሌንስ ፖስታ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት፦

የግራ እጁ
ካንሶላ ትኬት
ይቆርጣል

ለጠብታ ላክሁላት። ሞልቷል አለች። ቀጥላም አሁን እንዳልለጥፈው መከረችኝ፤ ስለ አባትሽ የምትጽፊው ሁሉ አንድ ላይ ይውጣ፣ ጊዜው ሲደርስ እኔ እነግርሻለሁ አለችኝ። ለእኔ ማሰቧ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እታለም እያልኩ እጠራት ጀመር። ታላቅ እህት ስለሌለኝ ይሆናል፣ ቃሉ ጣመኝ።

በአራት ወር ውስጥ አስር ግጥም ላክሁላት። ከግጥሙ ጋር ደግሞ ለእናቴ ያልነገርኩትን ነገር ሁሉ። አንዳንድ ቀን ደክሞኝ፣ ምነው በተገላገለ ብዬ እንደምመኝ ነገርኳት። ይህን ለሌላ ለማን ይነግሩታል? እሷ አልፈረደችብኝም። የእሷ አባት ደህና እንደሆነ፣ በረንዳ ላይ ካርታ ሲጫወት እንደሚውልና ሲሸነፍ እንደሚያኮርፍ አጫወተችኝ። እኔም ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ስለ እሷ አባት ሳቅሁ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት እኔና እናቴ አጠገቡ ተቀምጠን ሳለ አባቴ ዓይኑን ገለጠ። መስኮቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ከአፉ ወጣ፣ ጥርት ብሎ።

«ወራጅ አለ፣ ልጄ» አለ።

ዓርብ ዕለት ሞተ። እኔም ከቀብር በተመለስኩ ማግስት የመጨረሻውን ጻፍኩ፦

አባቴ ነቃ
መስኮቱን አየ
ወራጅ አለ ልጄ

ላክሁላት፤ አምስት ደቂቃ አልቆየችም። ነፍሱን ይማረው፣ አይዞሽ እህቴ አለችኝ፤ ከሥሩም፣ «ሁለት ፊደል በዝቷል። ‹ልጄ› የምትለዋን አውጫት» ብላ ጻፈች። ቆጠርኩት። እውነቷን ነው፣ ሰባት ነበር። አወጣኋት። አሁን ሞልቷል፣ አንቺ ግን አረፍ በይ፣ ስትረጋጊ አብረን እናወጣቸዋለን አለችኝ። አመሰገንኳት፤ ከዚያ እንደ ደንቡ ሁሉንም አጠፋሁ።

ለአምስት ሳምንት ገጹን አልከፈትኩም። ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ሆነ ኑሮዬ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ታላቅ ወንድሜ የእናቴን የቁም ሣጥን በር ሊጠግን መጣ። አናጺ ነው፤ ግጥም ከሚያነብ ሚስማር ቢቆረጥም ይመርጣል። የዚያን ቀን ግን መዶሻውን እንኳ ሳያወጣ ስልኩን ይዞ እናቴ አጠገብ ተቀመጠ። የሥራ ጓደኛው የላከለትን ነገር ላንብብልሽ አላት። አባቷን ትኬት ቆራጩን ያጣች ሴት ናት አሉ፣ ልክ እንደኛ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

«የግራ እጁ፣ ካንሶላ ትኬት፣ ይቆርጣል።»

የያዝኩት ሳህን እጄ ላይ ቀረ። አስራ አንዱንም በተርታ አነበባቸው። እናቴ ጉንጯን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች የወለደ አይሞትም አለች። ወንድሜም ወደ እኔ ዞሮ፣ «የሰው ልጅ ለአባቱ እንዲህ ይጽፋል፤ እኛ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍንለት» አለ።

የእኔ ናቸው አልኩት። ኀዘኑ ያናገረኝ መሰለውና ቁጭ በይ እስቲ ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ስልኩን ነጠቅሁት። ከላይ «በአባቴ አልጋ አጠገብ» ይላል፤ ከሥሩ ጠብታ። አራት መቶ ሰው አጽናንቷታል። ሰብሳቢው ራሳቸው በዚህ ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አንብበው እንደማያውቁ ጽፈዋል። እሷም ለአንድ ለአንዱ መልሳለች፦ አመሰግናለሁ፣ ቁስሉ ገና አልጠገገም።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ግጥም ቢሰረቅ ሌላ ይጻፋል። እሷ ግን የበላችው ለቅሶዬን ነው። አባቷን በረንዳ ላይ ካርታ እያስጫወተች የእኔን አባት ቀበረች፣ የእኔን ኀዘን ተቀመጠች። ከሁሉ ያበገነኝ ደግሞ እታለም ማለቴ ነው።

ስልኩን መለስኩለትና እዚያው ቆሜ በራሴ ስልክ ጻፍኩላት። ይሄ ምንድን ነው አልኳት። መልሷ ቶሎ መጣ፦ «አንቺ ዝም ስትይ እንዳይቀሩ ብዬ ነው። ደግሞ እኔ ያልቆጠርኩት አንድም የለም።» አንብቤ እንደጨረስኩ አጠፋችው። ደንብ አክባሪ ናት።

ለሰብሳቢው ጻፍኩ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ወዲያው መለሱልኝ። ረቂቁ እንዳለኝ ጠየቁኝ፤ በደንቡ መሠረት አጥፍቻለሁ አልኳቸው። የጻፍኩበት ወረቀትስ አሉኝ፤ የሌንስ ፖስታ ማታ ማታ ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። አባቷ አልሞተም አልኳቸው። በምን አወቅሽ ሲሉኝ ራሷ ነግራኛለች አልኩ፤ ያም ጠፍቷል። ታዲያ እኔ በምን ልፍረድ፣ እህቴ፣ አሉኝ። ራሳቸው ያወጡት ደንብ እጄን አስሮ እንደሰጠኝ ሊገባቸው አልቻለም።

ከሰብሳቢው ጋር የተጻጻፍኩትን ወንድሜ በትከሻዬ ላይ ሆኖ ያነባል፤ ግን ፊቱ ላይ ያለው እምነት ሳይሆን ለታማሚ የሚደረግ ርኅራኄ ነው። እናቴ ግን ለቅሶዋን አቁማለች። የመጨረሻውን ድገመው አለችው። ደገመላት።

«ቀጥል» አለችው።

«አለቀ እኮ፣ እማዬ።»

«አላለቀም። ‹ወራጅ አለ፣ ልጄ› ነው ያለው። እኔም እሷም ነበርን። ልጄ ያለው የታለ?»

ወንድሜ ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ያመነኝ ያኔ ነው። እኔ ግን ደስ ሊለኝ አልቻለም፣ የእናቴ ጥያቄ ገና አላለቀምና።

«ማነው ያወጣው?» አለችኝ።

ጠብታ ናት ማለት እችል ነበር። ግማሽ እውነት ነው። ግን ያወጣችው ጣት የእኔ ናት።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ለምን?»

«እንዲሞላ ብዬ» አልኳት። ቁጥሩ ማለቴ ነበር፣ ግን ለእናቴ ምን ብዬ ላስረዳት። አራት ወር አፉን አፉን እያየን ጠብቀን፣ የሰጠኝን አንዲት ቃል ለማላውቃት ሴት ብዬ መጣሌን ሳስበው የምገባበት ጠፋኝ። ጠብታ የዘረፈችኝ ኋላ ነው። መጀመሪያ አባቴን ያጎደልኩት እኔ ነኝ።

እናቴ አልተቆጣችም። የሠራሁላትን መነጽር አድርጋ አጠገቤ ተጠጋች፤ ያለውን እንዳለው ጻፊው አለችኝ። ለቆጣሪ ሳልክ፣ ለማንም ሳላስነካ፣ ሦስቱንም መስመር በገጹ ላይ ለጠፍኩ። መጨረሻው ላይ «ልጄ» አለ። ሦስታችን ስልኩን ከበን ተቀመጥን።

ቀድማ የመጣችው ጠብታ ናት። አልካደችም፣ አልተሳደበችም፣ የእኔ ነው እንኳ አላለችም። «ሁለት ፊደል በዝቷል» ብላ ብቻ ጻፈች። ሰላሳ ሰው ከእሷ ጋር ተስማማ። አንዱ፣ የሰው ኀዘን ላይ ቀልድ አይገባም ብሎ ተቆጣኝ። ትንሽ ቆይተው ሰብሳቢው፣ ከቁጥር ውጪ ስለሆነ ተነሥቷል ብለው አነሡት።

እናቴ ፊደሉ ደቅቆባት መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋችው።

«ምን አሉ?» አለችኝ።

«በዛ አሉ።»

«ምኑ ነው የበዛው?»

«ልጄ የሚለው» አልኳት።